በሐኒ አልበም ላይ ያለው ክራር

ሐኒ የዘመኑን ዘፈን ትታ የመጀመሪያ አልበሟን በድሮዎቹ የባህል ዘፈኖች ልትሠራ ስትነሳ ዜማውን ያስጠናት ብዙነህ ነው። ክረምቱን ሙሉ ሰበታ ቤቱ እየተመላለሰች ተማረች። «ጋሽ ብዙነህ፣ ክራሩን የሚመቱልኝ እርስዎ ነዎት» ብላ ቃል ገባችለት። እሱም አፉ አያርፍም፣ ለሰፈሩ ሁሉ ነግሮ ጨረሰ።

አልበሙ ወጣ። ብዙነህን የጠራው የለም።

ዘፈኑን የሰማው ከዓለም ገና ከተማ ሲመለስ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ክራሩ ሲገባ ደሙ ፈላ። ብዙነህ ልጅ ሳለ ጣቱ ተሰብሮ ስለነበር አንዷን ክር ሁልጊዜ ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚመታት። ይኸኛውም ዘገየ። የጣቱን ጉድለት ሳይቀር ሰርቀውታል!

ቤት እንደገባ «ወንዲ ነው!» አለ። ወንዲ አሥር ዓመት ያስተማረው ብቸኛ ተማሪው ነው። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ!»

ሚስቱ የሺወርቅ ክራሩን ወልውላ፣ ክሩን አጥብቃ ግድግዳ ላይ እየሰቀለች ነበር። ከዚህ አልፋ አትነካውም፤ ክራር ሁለት እጅ ከለመደ ድምፁ ይበላሻል ባይ ነው ብዙነህ።

«አመታቱስ ደህና ነው?» አለችው።

«ደህና መሆኑ አይደል የሚያናድደው!»

በማግስቱ የሁለት ልጆች አባት የሆነውን ወንዲን በሰው ፊት «ሌባ» አለው። ወንዲ ማለ፣ ተገዘተ፣ አለቀሰ። ብዙነህ ግን «ጆሮዬ አይዋሸኝም» ብሎ በሩን ዘጋበት። ዘግቶም አልቀለለውም።

የሚያወራው ሰው እንኳ አጣ። ልጅ የላቸውም፤ የሺወርቅም በሳምንት ሁለቴ የታመመች እህቷን ልትጠይቅ ቡራዩ መሄድ ከጀመረች ወራት ሆኗታል። እሱም ቢጨንቀው ሐኒን ፍለጋ ተነሳ። ስቱዲዮዋ እዚያው ቡራዩ ነው።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ!» አለው ዘበኛው ሁንዴ። ብዙነህ ሰላምታውንም ሳይመልስ ገባ።

ሐኒ ስታየው ደነገጠች።

«የኔን እጅ ለወንዲ ሰጠሽው?»

«ወንዲ? ኧረ ጋሼ፣ ወንዲ እዚህ ደርሶም አያውቅ!»

«ታዲያ ማነው?»

ሐኒ አቀረቀረች።

«እርስዎን ልጠራ ቤትዎ መጥቼ ነበር። ከበር ላይ ክራር ሰማሁና እርስዎ መስለውኝ ገባሁ» አለች። «እትዬ የሺወርቅ ነበሩ።»