የትዳራችን አክሲዮን

ትዳር በአክሲዮን ገበያ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ በየቤቱ ከገበታው ፊት ካሜራ ተሰቅሏል። ባልና ሚስት ሲጎራረሱ ዋጋቸው ይወጣል፤ ሲኳረፉ ይወርዳል። እኔም ኦፕሽን መነገድ ልማር ብዬ ስልኬ ላይ አሰልጣኝ ይዣለሁ።

«እልፍነሽ፣ ኦፕሽን እንዲህ ነው፦ ዛሬ ትንሽ ትከፍያለሽ፤ አክሲዮኑን ወደፊት በዛሬው ዋጋ የመሸጥ መብት ታገኚያለሽ» አለኝ። «ዋጋው ከወደቀ ታተርፊያለሽ። ጀማሪ የሚያውቀውን ነው የሚነግደው። በራስሽ ትዳር ጀምሪ።»

«ትዳሬ ሲፈርስ ላተርፍ?»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጀምረው።»

ምሳ ቀርቦ ነበርና ባሌ መርዕድ ጠቅልሎ አጎረሰኝ። ዓይኑ ካሜራው ላይ ስለነበር ጉርሻው እንደ ልማዱ ጉንጬ ላይ አረፈ። ወጡን ከአገጬ ስጠርግ ዋጋችን ወጣ። እሱ ፈገግ አለ።

ደሜ ፈላ። ተነስቼ ነጠላዬን ካሜራው ላይ ጣልኩበት።

«እልፌ፣ ምን ነካሽ? ይወርዳል እኮ!»

ስልኩም ጮኸ፦ «መውረድ ጀምሯል! መብቱን አሁኑኑ ግዢ!»

«ይውረድ! አፈር ድሜ ይብላ!» ስልኩን አጠፋሁና ከመርዕድ ፊት ቁጭ አልኩ። «አንተ ደግሞ እኔን እያየህ አጉርሰኝ።»

ዓይኔን እያየ ጠቀለለ። ከስንት ጊዜ በኋላ አፌን አልሳተም።