ዘጠነኛው ሊትር

መካኒኩ ፒስተን የዘጠነኛውን ሊትር ዘይት ክዳን ከፍቶ ሞተሩ ላይ ሊገለብጠው ሲል ታላቅ እህቱ እጁን ቀጨም አደረገችው።

"ተው! አንዲት ጠብታ እንዳትጨምር!"

"እታለም፣ መኪናዋ እኮ ጠማኝ እያለች ነው።"

እውነትም ጠማኝ ትላለች። ዳሽቦርዷ መሃል፣ የትምህርት ቤት ሰሌዳ በሚያህል መስታወት ላይ፣ "የሞተር ዘይት ከዝቅተኛው በታች" የሚል ቀይ ጽሑፍ ፈጧል። መኪና ብሎ መጥራትም ድፍረት ነው። ወንበሯ ከብዙ ሰው አልጋ ይመቻል። በሯ አይዘጋም፣ ይቅርታ ጠይቆ ይገጥማል እንጂ። የጎደላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዘይት መለኪያ ዘንግ። ሠሪዎቿ የባለቤቷ እጅ እንዳይቆሽሽ ብለው ዘንጉን አስቀርተው ሥራውን ለኤሌክትሪክ ሰጥተውታል። ፒስተን ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ዘንግ ሲመዝ፣ በጨርቅ ሲጠርግ፣ ሲያሸት የኖረ መካኒክ ነው። ዘይት አሽትቶ የሹፌሩን ጠባይ ይናገራል። ዛሬ የሚያሸተው አጣ።

"መጽሐፉ ስምንት ሊትር ይላል፣ ስምንት ሊትር ጠጥታለች" አለች እህቱ፣ ባዶዎቹን ጠርሙሶች በእግሯ እየነካካች። እሱ ያወራል፣ እሷ ትቆጥራለች፤ ጋራዡ የቆመው በዚህ ነው። "ካርቶን ሥሯ አንጥፌ አይቻለሁ፣ የፈሰሰ የለም። ዘይት ከበዛባት ሞተሩ ውስጥ አረፋ ይሆናል፣ በአረፋ ደግሞ ብረት አይለሰልስም። ያኔ ሪዝህን ብቻ መሰለህ የምትላጨው?"

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ጠዋት የመኪናዋ ባለቤት፣ ጡረታ የወጡት ሴት ዳኛ፣ "ዘይቷን ቀይርልኝ፤ ስድስት ሰዓት ላይ የመጀመሪያ የልጅ ልጄን ከሆስፒታል አመጣባታለሁ" ሲሉት ፒስተን በጎረቤት ፊት ደረቱን ነፍቶ ነበር። "ከስድስት በፊት ሽር ካላለች ይህን ሪዝ እላጫለሁ!" ሪዙ የሃያ ሁለት ዓመት ንብረት ነው። ቀኝና ግራ ጫፉ በተለያየ ሰፈር ነው የሚውለው። አሁን ለስድስት ሃያ ጉዳይ ሆኗል፤ ጎረቤቱ ጎሚስታም ሳሙና በጥብጦ፣ ምላጭ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

"አይዞህ፣ ቀስ ብዬ ነው የምላጭህ" አለ ጎሚስታው።

"መለኪያው ተበላሽቶ ይሆናል" አለ ፒስተን፣ እንዳልሰማ ሆኖ። "ክብርት ዳኛ፣ ከሆነ ዕቃው በሁለት ወር ይመጣል።"

"ሁለት ወር! እስከዚያማ ልጅቷ በእግሯ ትመጣለች!" ዳኛዋ ተቀምጠው ሲጠብቁባት ከነበረችው መኪናቸው ወረዱና የያዙትን የሻይ ብርጭቆ በንዴት ወለሉ ላይ አስቀመጡ።

የፒስተን ዓይን ብርጭቆው ላይ ቀረ። ሻዩ በአንድ በኩል ከአፉ ሊፈስ ደርሷል፤ በሌላው በኩል አንድ ጣት ሙሉ ጎድሏል።

ይህን ወለል የሠራው ራሱ ነው። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ሊሾውን ሲያፈስ ውሃ ልክ ቢያቀርቡለት "እሱ ዓይኑ ለደከመ ነው" ብሎ መለሰ። ከዚያ ወዲህ የወደቀ ብሎን ሁሉ ተንከባሎ የሚገኘው ጥግ ያለው የውሃ መውረጃ አፍ ላይ ነው። ፒስተን ግን ምክንያቱ በመንገዱ የሚያልፉት ከባድ መኪኖች ንዝረት ነው ይላል። እህቱ የወለሉን ነገር ካነሳች ሦስት ቀን ያኮርፋል። በዘንግ ሲለካ እጁ ጠማማውን ለምዶ ራሱ ያቃናው ነበር። መስታወቱ ግን እንግዳ ነው፤ ያየውን ይናገራል።

ቀና ሲል ከእህቱ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጩ። እሷም ብርጭቆውን አይታለች። ከንፈሯን ነክሳ ነገሩን ለእሱ ተወችለት።

ፒስተን ጉሮሮውን ጠረገ። ሪዙን አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ዳበሰ፤ እንደሚሰናበት ሰው።

"መኪናዋ ጤነኛ ናት" አለ። "ወለሉ ነው ጠማማ። ዘይቱ ወደ ዝቅታው ጎን ተኝቶ መለኪያው ጋ አልደረሰም።"

"ወለሉን የሠራው ማን ነው?" አሉ ዳኛዋ፣ በችሎት ድምፃቸው።

ፒስተን ምላጩን አየ፣ ወለሉን አየ።

"እኔ።"

ጎሚስታው ሳሙናውን ይዞ ዘለለ። እህቱ ጠርሙሶቹ መሃል ዘጭ ብላ፣ እንባዋ እስኪወርድ፣ አሥራ አምስት ዓመት ያጠራቀመችውን ሳቅ ለቀቀችው።

መኪናዋን ለጥ ካለው አስፋልት ላይ አውጥተው ሞተሩን አሞቁት። ሁሉም አንገቱን በመስኮት አስገብቶ ይጠብቃል። ቀዩ ጽሑፍ ጠፋ። መስታወቱ ትንሽ አሰበና አረንጓዴ በራ፤ ዘይቱ ልክ ነው፣ ሞልቷል። ለስድስት አምስት ጉዳይ ነበር።

"መኪናዋ ካልታመመች የዳነ ነገር የለም!" ጎሚስታው ምላጩን አነሳ። "ሪዙ ይውረድ!"

ዳኛዋ መሪያቸውን ይዘው ለአፍታ አሰቡ። "ተከሳሹ ማንም ሳያስገድደው አምኗል። ሪዙ በነፃ ተሰናብቷል" አሉ። "ወለሉ ላይ ግን ውሃ ልክ ተፈርዶበታል።" የሆስፒታሉ መንገድ ላይ እስኪታጠፉ ድረስ ጡሩምባቸውን እንደ ሙሽራ አጃቢ አንጫጩት።

ወንድምና እህት ወደ ጋራዡ ተመለሱ። ፒስተን ከኪሱ ብሎን አውጥቶ በሩ ሥር አስቀመጣት። ብሎኗ ትንሽ አመነታችና ወደ ጥጉ ጉዞ ጀመረች።

"ቆይ፣ ቆይ" አለች እህቱ፤ ቀሚሷን ሰብስባ ቁጢጥ አለችና የራሷን ብሎን ከኋላዋ ለቀቀች።

"ትቀድምሻለች!"

"እናያለን!"

ሁለቱም እንደ ልጅ ጎንበስ ብለው ብሎኖቹን እያባረሩ ወረዱ።