የድንበር ድንጋይ

ሰውየው ጨጓራው ሲጠናበት በርበሬ ተወ፣ ጠላ ተወ፤ ሕመሙ ግን አልተወውም። የጤና ጣቢያው ሐኪም «አባቴ፣ ጨጓራን ሐሳብም ያባብሰዋል። የሚያስጨንቅዎ ነገር አለ?» ሲለው «ምንም የለ» አለ።

ነበረው። ባለፈው ክረምት ጎረቤቱ ይስማው ታሞ በተኛበት ሰሞን፣ የድንበሩን ድንጋይ ነቅሎ ወደ ይስማው ማሳ ገፋ አድርጎ ተክሎታል። ይስማው ድኖ ሲነሳ አንድም ቃል አልተናገረም። ጭራሽ የጎረቤቱን ሕመም ሰምቶ ተልባ ይዞለት ይመጣ ጀመር።

«ጠጣ እንጂ! ሙሽራ ነህ እንዴ የምታፍረው?»

ሰውየው ያን ተልባ በጠጣ ቁጥር ሆዱ ይነድ ነበር።

በመጨረሻ አልቻለም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ይስማውን መንገድ ላይ አስቆመው።

«ድንጋዩን የነቀልኩት እኔ ነኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«አውቃለሁ» አለ ይስማው። «ከጥንት ቦታው ነው የመለስከው። ያንተን አባት ድንበር የገፋው የኔ አባት ነው፤ ሊሞት ሲል ነገረኝ። እኔ ፈሪው በሆዴ ያዝኩት። ጨጓራ የያዘኝም ያኔ ነው፤ አንተ ድንጋዩን ስትመልስ ለቀቀኝ። ያንተን መሬት ዝም ብዬ ለበላሁበት ዘመን ይቅር በለኝ።»

ጉልበቱን ሊስም ጎንበስ አለ።

ሰውየው ይህን ነገር ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። ይስማውን በትከሻው ይዞ ቀና አደረገው።

«እግዜር ይፍታህ» አለው።

ቤቱ ሳይደርስ ሆዱ መንደድ ጀመረ።