ራስሽ ጽፈሽ አምጪ፣ እኔ እፈርማለሁ

"ይህን ደብዳቤ ማን ነው የጻፈው?"

የመግቢያ ኮሚቴው ሰብሳቢ ወረቀቱን ከፍ አድርገው ያዙት...

"እኔ ነኝ" አለች ልጅቷ። ፈራ ተባ አላለችም።

ስምንት ዓመት ጫማ ፋብሪካ ውስጥ የሠራች የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ኢኮኖሚክስ ማስተርስ ለመማር አመልክታ ለቃለ መጠይቅ ቀርባለች።

ፋብሪካው የትምህርት ፈቃድ የሰጣት ለዚያ ዓመት ብቻ ነበር። ካመለጣት... አለቀ።

"ፊርማው ግን የዶክተሩ ነው" አሉ ሰብሳቢዋ።

ዶክተሩም የኮሚቴው አባል ናቸውና እዚያው ከጎናቸው ተቀምጠዋል። የልጅቷ የድሮ አስተማሪ ናቸው። መነጽራቸውን ማስተካከል ጀመሩ...

ነገሩ እንዲህ ነው።

ማስተርስ የሚያመለክት ሰው ከድሮ አስተማሪው የድጋፍ ደብዳቤ ማምጣት አለበት። አስተማሪው ስለ ተማሪው የሚያውቀውን ይመሰክራል። ወጉ ይሄ ነው።

የእኛ ዶክተር ግን የራሳቸው ወግ አላቸው። "ራስሽ ጽፈሽ አምጪ፣ እኔ እፈርማለሁ" ይላሉ። ለመጣው ሁሉ እንደዚያ ነው።

ታላቅ እህቷ "ምን ቸገረሽ? ሰው ሁሉ የሚጽፈውን ጽፈሽ እለፊ" አለቻት።

ሰው ሁሉ የሚጽፈው ደግሞ አንድ ነው... "በማስተማር ዘመኔ ካየኋቸው ተማሪዎች ሁሉ ቀዳሚ።" ከግቢው በር ፊት ለፊት ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ላይ ተጽፎ ተቀምጧል። ስም ቀይሮ ማተም ብቻ ነው።

እሷ ግን እምቢ አለች። ቁጭ ብላ በዶክተሩ ስም እንዲህ ጻፈች...

"ይህችን ተማሪ አላስታውሳትም። ደብዳቤውን ራሷ ጽፋ እንድታመጣ ያዘዝኳት እኔ ነኝ። የውጤት መዝገቧ እንደሚለው ስታቲስቲክስ አንድ ጊዜ ወድቃለች። ደግማ ስትወስደው ከክፍሉ ሁለተኛ ወጥታለች። ከዚህ በላይ ስለ እሷ የማውቀው የለኝም።"

ይዛላቸው ሄደች።

"ዶክተር፣ ከመፈረምዎ በፊት ያንብቡት።"

"ጊዜ የለኝም" አሉ። ፈረሙ። ማኅተም አሳረፉበት።

እንግዲህ ይህን ደብዳቤ ነው ሰብሳቢዋ በዶክተሩ ፊት ጮክ ብለው ያነበቡት። የዶክተሩ ፊት ቲማቲም መሰለ...

"ይሄ ማጭበርበር ነው" አሉ።

"ያንብቡት ብዬዎት ነበር እኮ፣ ዶክተር። ከዚህ ውስጥ ውሸቱ የቱ ነው?"



ዶክተሩ ድምፃቸውን አለሰለሱ። "ስሚኝ ልጄ። ይሄን ከፋይልሽ አውጪው። ነገ ጠዋት ቢሮዬ ነይ፣ ራሴ አሳምሬ እጽፍልሻለሁ። እምቢ ካልሽ ግን ፋይልሽ ይዘጋል።"

"ይዘጋ" አለች። "በማያውቁኝ ሰው ውዳሴ ከምገባ ቢቀርብኝ ይሻለኛል።"

ሰብሳቢዋ ደብዳቤውን አስቀመጡና ሌላ ጥያቄ ጠየቋት። "ስምንት ዓመት ሒሳብ ሠርተሽ ለምን ኢኮኖሚክስ? አካውንቲንግ አይቀልሽም ነበር?"

"ይቀለኛል። ግን ሒሳብ ክፍል ቆዳ ተወደደ ብዬ እመዘግባለሁ። ለምን ተወደደ ብዬ ስጠይቅ 'አንቺ ምን አገባሽ' ይሉኛል። እኔ ደግሞ ያገባኛል።"

አመስግና ወጣች። አንጀቴን ቅቤ አጠጣችኝ።

አንተ ይህን ሁሉ የት ሰማህ ትሉኝ ይሆናል...

የእህቷንና የፊርማውን ነገር በኋላ ራሷ ነገረችኝ። የቀረውን ደግሞ... የዚያ ቢሮ በር ገጥሞ አይዘጋም። ከበሩ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራውን እየጠበቀ በክፍተቱ ዓይኑንም ጆሮውንም የጣለው ሰውዬ እኔ ነኝ፤ የዚህ ገጽ አድሚን። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደው ስም ካስቀየሩት አንዱም እኔ ነኝ።

ገባሁ። ላብ አጥምቆኛል።

ሰብሳቢዋ አሥራ አንድ ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። አሥራ አንዱም የዶክተሩ ፊርማ አለባቸው። አሥራ አንዱም "ቀዳሚ" ይላሉ...

"ያንተንስ ማን ጻፈው?"

እውነቱን ተናግራ የወጣችው ሴት ገና ኮሪደሩን እንኳ አልጨረሰችም። ዶክተሩ ግን ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

ዓይኔን በጨው አጥቤ "ራሳቸው ናቸው የጻፉልኝ" አልኩ።

ዶክተሩ እፎይ አሉ። ፈገግም አሉልኝ።

"ጥሩ" አሉ ሰብሳቢዋ፣ ፋይሌን ከደን አድርገው። "እንግዲያው ዶክተር፣ በማስተማር ዘመንዎ ካዩት ሁሉ ቀዳሚው ይህ ልጅ ነው። ስሙ ማን ይባላል?"

...

ዶክተሩ አዩኝ። ጣሪያውን አዩ። እንደገና አዩኝ።

አራት ዓመት አስተምረውኛል።

"ይቅርታ..." አሉኝ፣ "አንተ ማን ነበርክ?"

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ጊዜ የለም።

ውጤቱ ሲለጠፍ ከአሥራ ሁለታችን ያለፈችው እሷ ብቻ ናት። "ዕድለኛ ሆና ነው" የምትሉ ኮሜንት ላይ እንዳትመጡብኝ። ሁሉ ነገሯን ለማጣት ቆርጣ ነው የገባችው።

ዘንድሮ እኔም እንደገና አመልክቻለሁ። ዶክተሩ ጋ ግን ዝር አላልኩም። ሥራ ቦታ በየቀኑ የምታርመኝን አለቃዬን ለመንኳት።

"የማውቀውን ብቻ ነው የምጽፈው" አለችኝ። "ማርፈድህንም እጽፋለሁ።"

"ጻፊው" አልኳት። ጻፈችው። በደማቁ።

ቢቀበሉኝም ባይቀበሉኝም የተጻፈው ስለ እኔ ነው።

ወዳጆቼ... የማያውቃችሁ ሰው ሲያወድሳችሁ እናንተን አላወደሰም። ለአሥራ አንድ ሰው የሚሆን ምስጋና የማንም አይደለም። ድክመታችሁን በስሙ ጠርታችሁ ቀና ብላችሁ ቁሙ፤ የሚያሳፍረው መውደቅ ሳይሆን በሰው ልክ የተሰፋ ውሸት ለብሶ ማለፍ ነው።

እስቲ እናንተ... የሚያውቃችሁ ሰው ምንም ሳይደብቅ የድጋፍ ደብዳቤ ቢጽፍላችሁ፣ የመጀመሪያው መስመር ምን ይል ነበር?