የያምሮት ትኩሳት

በምነግራችሁ ላይ አንዲት ቃል ብጨምር ውዬ አልግባ፤ አድሬ አልነሳ።

በኢሕአዴግ ዘመን ነው፤ ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች መንደር። እንዳለው የሚባል ገበሬ ኅዳር ላይ ከመተማ የሰሊጥ አጨዳ ተመለሰ። የመተማን ፀሐይ የለመደ ገላው የአገሩን ብርድ አልችል አለና አንዳንድ ቀን በቀትር ሁለት ጋቢ ደርቦ ምድጃ ጥግ ይቀመጣል። ሙሉ ቅል ውሃ አንስቶ በአንድ ትንፋሽ ይጨልጣል። ዓባይ የጎደለው ያን ዓመት ነው።

ሚስቱ አቻምየለሽ እህቷ ወልዳ ልታርሳት ፈረስ ቤት ከተማ ሄዳለች። ቤት የቀሩት እሱና የሦስተኛ ክፍሏ ልጁ ያምሮት ናቸው።

አንድ ጠዋት ያምሮት ደብተሯን አስቀመጠች።

«አባባ፣ አሞኛል። ትምህርት ቤት አልሄድም።»

እንዳለው ከምድጃው ጥግ ተነሥቶ መዳፉን ግንባሯ ላይ ጫነ። ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች።

«የታል ትኩሳቱ? ከግሽ ዓባይ ምንጭ ትቀዘቅዣለሽ እኮ!»

«ጤና ጣቢያ ይውሰዱኝ።»

«ጤና ጣቢያ የሰነፍ መዋያ ነው! እኔ አባትሽ ከተወለድሁ ታምሜ አውቃለሁ? ተነሽ!»

እያለቀሰች ሄደች። እንባዋን ብትሰበስቡት ወፍጮ ያዞራል።

በማግስቱ እንዳለው ማልዶ ውድማ ሲወርድ እሷም እንደ ግልገል እየዘለለች ትምህርት ቤት ገባች። በሦስተኛው ቀን እሱ ምድጃው ጥግ፣ እሷ ደግሞ «አሞኛል»። አንድ ቀን ደህና፣ አንድ ቀን በሽተኛ። እንዲህ ተራ የሚጠብቅ በሽታ ማን አይቷል?

መምህሯ ደጀኔ ነገሩ ገብቶታል። ገበያ ላይ እንዳለውን አገኘው።

«አያ እንዳለው፣ ሒሳብ ፈርታ ነው። ክፍል ውስጥም ዓይኗ በሩ ላይ ነው፤ ደወል ሲደወል መጀመሪያ የምትሮጥ እሷ ናት። ሐሙስ ፈተና አለ። ከቀረች ክፍል ትደግማለች፤ ይወቁት።»

ሐሙስ ነጋ። ያምሮት ከመደቡ አልነሳ አለች። መዳፉ ተጫነ፤ ግንባሯ በረዶ ነው።

«ትደግሚያለሽ!»

«ልድገም። ጤና ጣቢያ ይውሰዱኝ።»

«እወስድሻለሁ! ውሸትሽን ነርሷ ፊት አስመሰክርብሽና ከዚያ በኋላ አንቺና እኔ እንተያያለን!»

ቡሬ ያን ቀን ራቀች። እንዳለው «ልጅቷ ትንሽ ታርፍ» እያለ በየዛፉ ጥላ ይቀመጣል፤ በሽተኛዋ እጁን ይዛ ትጎትተዋለች።

ጤና ጣቢያው ሲደርሱ የእንዳለው ጥርስ በንዴት ይንቀጫቀጫል። ሲስተር እናኑ የሙቀት መለኪያውን የልጅቷ ብብት ሥር አድርጋ ቆየችና አወጣችው።

«ልጅቷ ምንም የላትም።»

«አላልሁም? አላልሁም ሲስተር? ፈተና ሽሽት ነው!»

ሲስተር እናኑ ልጅቷን ገላመጠቻት።

«ምንሽን ነው ታዲያ ያመመሽ፣ አንቺ?»

ያምሮት የአባቷን እጅ ከትከሻዋ ላይ አንሥታ የሲስተር እናኑ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

«አሁን መለኪያውን ለአባባ ያድርጉላቸው።»

ቅሉን በአንድ ትንፋሽ ይጨልጣል ያልሁት ግን ጭማሪዬ ነው። እንዳለው ራሱ፣ ዛሬ ብትጠይቁት፣ በሁለት ነው ይላችኋል።