የሣጥን ሠሪው ቀጠሮ

«ከመምጣትዎ በፊት ጥርስዎን ይቦርሹ» ይላል፤ ያውም የሬሳ ሣጥን ሠሪው ገጽ ላይ።

ድረ ገጽ ሠሪዋ ዓይኗን አሸት አሸት አድርጋ እንደገና አነበበችው። አልተሳሳተችም። «በማንኛውም ልክ እንሠራለን» ከሚለው ሥር ሰማያዊ ቅጽ ተንሰራፍቶ ተቀምጧል፤ ስም፣ ቀን፣ ሰዓት፣ የሚመጡበት ምክንያት። ትናንት ከምሳ በኋላ እያፏጨች የሠራችው ለሌላ ደንበኛዋ፣ ለጥርስ ሐኪሟ ነበር።

«ወይ ጉዴ!» አለች ለራሷ።

ስምንት ደንበኞች አሏት፤ ስምንቱንም ያኖረቻቸው አንድ የድረ ገጽ ፕሮግራም ላይ ነው። ስታስረዳቸው «አንድ ግቢ ውስጥ ስምንት ቤት በሉት፤ በሩ የየራሳችሁ፣ ግድግዳው ወፍራም» ትላለች። የማትነግራቸው፣ እሷ የምታዝበት ገጽ ላይ ሁለት ቁልፎች ጎን ለጎን መኖራቸውን ነው። አንዱ «ለዚህ ገጽ ብቻ» ይላል፣ ሌላው «ለሁሉም»። ትናንት የቱን እንደተጫነች እንግዲህ መናገር አያስፈልግም።

ሌሎቹ ስቀው ያልፉ ይሆናል። የፈራችው ሣጥን ሠሪውን ነው። የእናቷ ወንድም ናቸው፤ የመጀመሪያ ደንበኛዋም እሳቸው። ደንበኛ ሆነው የገቡ ዕለት ጣታቸውን ቀስረው፣ «ስሚኝ አንቺ ልጅ፣ እኔ ጋ የሚመጣው ልቡ የተሰበረ ሰው ነው። የሌላ ሰው የልደት ፊኛ እኔ ገጽ ላይ ያየሁ ዕለት ጥዬልሽ ነው የምሄደው» ብለዋታል። የሚሉትን ደግሞ ያደርጉታል። የገዛ አጎቷ ጥለዋት ከሄዱ፣ ሌላው ደንበኛ ምን ብሎ ይቀመጣል?

ማውዙን ያዘች። አንድ ጊዜ ብትጫን ቅጹ ከስምንቱም ይጠፋል፤ ማን ያያል?

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። አጎቷ ናቸው፤ ሽርጣቸውን እንዳደረጉ፣ ቅንድባቸው ላይ ሰጋቱራ። ሱቃቸው ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ስልካቸውን እንደ ትኩስ ድንች በሁለት ጣት ይዘውታል።

«ጋሼ፣ አይቼዋለሁ፤ አሁኑኑ ላጠፋው ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች፤ አንዱን ቃል ሳትጨርስ ሌላውን እያስከተለች።

«ቆይ እስቲ። ጥርስ ቦርሹ ያለው ማነው?»

«የጥርስ ሐኪሟ ቅጽ ነው።»

«እኔማ የኔ ደንበኞች ከመቼ ወዲህ ጥርስ ይቦርሻሉ ብዬ ነው።»

ሳቋ መጣባትና ዋጠችው። መሳቅ ይፈቀድ አይፈቀድ ገና አላወቀችም።

«እሱን ተይው» አሉ ወንበር ስበው እየተቀመጡ። «ሁለት ሰው ቀጠሮ ይዟል ይለኛል። ማን እንደሆነ ግን አልከፍት አለኝ። እኔ ጋ ቀጠሮ የሚይዝ ምን ዓይነት ሰው ነው? በሠላሳ ዓመት አንድም አላየሁ። ክፈችው እስቲ።»

እጇ ማውዙ ላይ እንዳለ ደነገጠች። ቅጹን አጥፍታው ቢሆን ሁለቱም ቀጠሮዎች አብረው ይጠፉ ነበር።

የመጀመሪያውን አነበበችላቸው። «ምክንያት፦ ለራሴ ነው። አልቸኩልም፤ የዛሬ አርባ ዓመት ይመቸኛል።»

አጎቷ ከትከት ብለው ሳቁ። «ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ነው! ሌላ ማንም አይሆን። ቀጥዪ።»

ሁለተኛው ለዛሬ አራት ሰዓት ነው። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጀመረችው፤ ሳታስበው ዝቅ እያለ ሄደ።

«የባለቤቴን ሣጥን አምና የሠሩት እርስዎ ነዎት። ያን ዕለት ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። ከምን እንጨት እንደተሠራ ቢነግሩኝ ብዬ ነው። ሁለት ጊዜ በርዎ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቅ አይጠየቅ አላወቅኩም። ጊዜዎን አልፈጅም።»

አጎቷ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው ስሙን አዩ። ሳቃቸው የት እንደገባ እንጃ።

«የአስተማሪው ሚስት ናት» አሉ። «ረጅም ሰው ነበር። ሣጥኑ ጥድ ነው። ውስጡን ሳልቀባው ተውኩት፣ ሽታው እንዳይጠፋ ብዬ። እግሩ ጋ ያለችዋን ጣውላ ደግሞ ጉጥ ነበረባትና ቀየርኳት።»

«እስካሁን ያስታውሱታል?»

«ሁሉንም ነው የማስታውሰው።»

«ለማንም አልነገሩም?»

«ማን ጠይቆኝ? ሰው እኔ ጋ ሲገባ ወለል ወለሉን እያየ ነው። ልኩን ይነግረኛል፣ ይሮጣል። እውነቱን ነው፣ እኔም ብሆን እሮጣለሁ።»

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለአራት ሩብ ጉዳይ ይላል። እሷ ግን መጠየቅ ነበረባት።

«ታዲያ ጋሼ፣ የሌላ ሰው ነገር ካየሁ ጥዬ እሄዳለሁ ያሉኝስ?»

«ፊኛ አለበት እንዴ?» አሉ ተቆጥተው። «ጥርሱን አጥፊልኝ። ሌላውን እንዳትነኪው።»

ተነሥተው በሩ ጋ ደረሱና ቆሙ። ዞር ብለው ክፍሉን አንድ ጊዜ ቃኙት፤ ዓይናቸው የተቀመጡበት ወንበር ላይ አረፈ።

«ይቺን ልዋሳት? እኔ ጋ መቀመጫ የለም።»

«ጋሼ! አናጢ ሆነው?»

«ማን ተቀምጦ ያውቃል?»

ወንበሩን ትከሻቸው ላይ አድርገው መንገዱን ሲሻገሩ በመስኮቱ አየቻቸው። ሱቃቸው ደፍ ላይ አሳረፉት። በሽርጣቸው ጠረጉት፣ ራሳቸው ተቀምጠው ግራና ቀኝ ወዘወዙት፣ ተነሡ። ፊቱ ወደ መንገዱ ነበር። ትንሽ አሰቡና ወደ ውስጥ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ወደ ቆሙት የጥድ ጣውላዎች አዞሩት።