ሳይነቃነቁ

ከውጭ ተምሮ የተመለሰው ልጅ ምንም ነገር አያምንም ነበር፤ ብቻዋን ቤት የምትውለውን የእናቱን «ደህና ነኝ» ጭምር። ስለዚህ ሳሎኑ ውስጥ ካሜራ ሰቀለ። እንቅስቃሴ ባየ ቁጥር እንዲቀርጽና ስልኩን እንዲያስጮኸው አስተካከለው። ነፋስ የሚያወዛውዘው መጋረጃ በከንቱ እንዳያስጮኸው ያ ጥግ በምስሉ ቢታይም እንቅስቃሴው እንዳይቆጠር አደረገ።

«ካሜራው ያይሻል፤ አትስጊ» ብሏት ወደ ሥራው ሄደ።

ጠዋት ስልኩ ጮኸ፤ እናቱና ሦስት ጎረቤቶቿ የክት ልብሳቸውን ለብሰው ወደ ሳሎን ሲገቡ አየ። ከዚያ በኋላ ግን እስከ ምሳ ሰዓት ስልኩ ድምፁን አላሰማም። ጨነቀውና ከፍቶ ቢያይ፣ አራቱም ሶፋው ላይ ተደርድረው ዓይናቸውን አፍጥጠዋል። ምስሉ ቆሞ ይሆናል ብሎ አሰበ፤ መጋረጃው ግን ይወዛወዛል።

የከሰል ጭስ አፍኗቸዋል! እየሮጠ መጣ። አንድ ጫማው ደጃፍ ላይ ወልቆ ቀረ። በሩን በርግዶ «እማዬ! እማዬ!» እያለ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ማንም አልተነቃነቀም።

«ዝም በል አንተ!» አለች እናቱ ከንፈሯን ሳታላቅቅ። «ፎቶ እየተነሳን ነው።»

«ኧረ ይሄ ካሜራህስ ምነው ዘገየ? ወገቤ ተቆረጠ እኮ!» አሉ ጎረቤቷ እትዬ አስካለ በጥርሳቸው መሃል።

ያን ጊዜ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጮኸ። ካሜራው የቀረጸውን አሳያቸው፤ አንድ እግሩ ባዶ የሆነ ጎልማሳ እያለቀሰ በር ይበረግዳል። ጎረቤቶቹ በሳቅ ተንከተከቱ። እናቱ ግን ስልኩን ተቀብላ ደጋግማ አየችው።

«ይሄኛውን አሳጥብልኝ» አለች።